ወተቱ በምን ዕቃ እንደተጠጣ

ካፕታሮን፣ ናንዲ
ፌብሯሪ 9 ቀን 2022

ለተከበርሽው ልጄ ለዶክተር ጄሮቲች፤

ሰላምታዬ ከእኔ፣ ከባለቤቴ ከታፕኪገንና ከስድስቱ ላሞቻችን ይድረስሽ። ላሞቹን የጨመርኳቸው ታፕኪገን «ስለ እነሱ ካልጻፍክላት ድርቅ ገብቷል ብላ ትጨነቃለች» ስላለችኝ ነው። ወሩ ደረቅ ቢሆንም አመሻሹ ላይ ያካፋል፤ ሻዩም አረንጓዴ ነው።

ከደብዳቤ ይልቅ ስልክ አይሻልም ወይ ብለሽ ጠይቀሻል። በስልክ የተነገረ ነገር ማስረጃ የለውም፤ እኔ ወረቀት እመርጣለሁ። ይህን ደብዳቤ ነርሳችን ሲስተር ቼላጋት ወደ ኮፐንሃገን በሚላከው የናሙና ሳጥን ክዳን ሥር እንድታኖርልኝ ለምኛታለሁ። አርባ ዓመት በዳኝነት ወንበር ተቀምጬ የጻፍኳቸው ፍርዶች በመዝገብ ቤት በክብር ይቀመጡ ነበር። ዛሬ ጽሑፌ ከስልሳ አራት ሰው ሰገራ ጋር በበረዶ ታሽጎ ባሕር ያቋርጣል። የጡረታ ኑሮ ትሕትና ያስተምራል።

ሰዎቹ ናሙና ለመስጠት መስማማታቸውን ለማወቅ መጓጓትሽ ይገባኛል። በመጀመሪያው ሰኞ አንድም ሰው አልሰጠም። የሰውን እዳሪ የያዘ ሰውየውንም ይይዘዋል የሚለው ፍርሃት አሁንም አለ። ኮቢሎ፣ ምላሷን የምታውቂያት ያችው አሮጊት፣ በሰው ሁሉ ፊት ቆማ «ዳኛችን፣ አርባ ዓመት ሙሉ ሚስጥራችንን ሲሰሙ ኖሩ፤ አሁን ደግሞ የቀረውን ሊያዩ ነው?» አለችኝ። የናሙናውን ዕቃ ተቀብዬ ወደ ጓሮ ሄድኩ፤ ተመልሼም በሁሉም ፊት ለሲስተር አስረከብኩ። በዳኝነት ዘመኔ ይህን ያህል ጸጥ ያለ ችሎት አላስታውስም። ከዚያ በኋላ ሰልፍ ሆነ።

ጥናቱን ያስረዳኋቸው በዚህ መልክ ነው፦ «በእያንዳንዳችን አንጀት ውስጥ በዓይን የማይታይ የባክቴሪያ መንጋ አለ። መንጋው ደኅና ሲሆን ሰውነታችን ስኳርን እንዲቆጣጠር ያግዛል ብለው ሊቃውንቱ ይገምታሉ። ግምት ነው፤ እርግጥ አይደለም። የሻይ ፋብሪካው ጸሐፊ የአራፕ ቱዌይ ልጅ ጄሮቲች ይህን ግምት ልትፈትን ነው። የስኳር በሽታ ካለብን ስልሳ አራት ሰዎች ግማሾቻችን ሕያው ባክቴሪያ ያለበት ወተት እንጠጣለን። ግማሾቻችን ያንኑ ወተት፣ ባክቴሪያው በሙቀት ከሞተ በኋላ እንጠጣለን። የአንደኛው ጠርሙስ ክዳን ሰማያዊ፣ የሌላው ቢጫ ነው። የትኛው ሕያው እንደሆነ እኔም፣ ሲስተርም፣ ጄሮቲች ራሷም አናውቅም። መድኃኒታችሁን ግን ማንም እንዳያቋርጥ።»

«ታዲያ ማነው የሚያውቀው?» አለች ኮቢሎ።

«ኮፐንሃገን ያለ አንድ የሂሳብ ሰው።»

«መንጋውንስ ማን ያግደዋል?»

ሰው ሁሉ ሳቀ፤ እኔም ሳቅሁ።

ጥናቱ እስኪያልቅ ማንም የረጋ ወተታችንን፣ ሙርሲክን፣ እንዳያረጋ ያዘዝሽው ተፈጽሟል። ሌሎች ጥቃቅን ጥያቄዎች ተነሥተው ነበር፤ አንቺን ሳላደክም እዚሁ ወስኜባቸዋለሁ።

አክባሪሽ
ባርናባ አራፕ ሌሌይ
የካፕታሮን የጥናቱ ኮሚቴ ሰብሳቢ


ኮፐንሃገን
ሜይ 2 ቀን 2022

ለተከበሩ አባቴ ለዳኛ ባርናባ፤

ለዘገየሁበት ይቅርታ እጠይቃለሁ። ለወይዘሮ ታፕኪገን በሁለተኛው ደብዳቤዎ ይሠሩልሻል ያሉኝን ሹራብ በደስታ እንደምቀበል ይንገሩልኝ፤ ቀለሙን እሳቸው ይምረጡ። የእግርዎ ቁስል መድረቁን ሲስተር ነግራኛለች። እርስዎ በሁለት ደብዳቤ ውስጥ አንድም ጊዜ አላነሡትም፤ ታዝቤአለሁ።

የሦስት ወሩ የደም ምርመራ ምን እንደሚል ጠይቀውኛል። የሂሳብ ሰውየው ቁልፉን ሳይከፍት ቢጫና ሰማያዊ ብሎ ብቻ አሳየን። የቢጫዎቹ ስኳር ወርዷል። የሰማያዊዎቹም ወርዷል፤ ከሞላ ጎደል እኩል።

እናንተ ደስ ይላችኋል፤ እኔም ስለ እናንተ ደስ ብሎኛል። ለጥናቱ ግን መጥፎ ዜና ነው። የሞተውና ሕያው የሆነው ወተት አንድ ዓይነት ውጤት ካመጡ፣ ባክቴሪያው ምንም አልሠራም ማለት ነው። በዚህ ከቀጠለ የጥናቱ ኃላፊ ፕሮፌሰር ስካው በሴፕቴምበር ወር ጥናቱን ዘግተው «ለውጥ አልተገኘም» ብለው ያትማሉ። የአራት ዓመት ሥራዬ በዚያ ይቆማል፤ ወደ ካፕታሮንም ማንም ሁለተኛ አይመለስም።

አንድ ሌላ ያልጠበቅነው ነገር አለ። በሁለቱም ወገን ሰገራ ውስጥ ከየትኛውም ጠርሙስ ያልገቡ ሦስት ዓይነት ባክቴሪያዎች አግኝተናል። እንደዚህ ያሉት የሚገኙት በረጋ ወተት ውስጥ ነው።

ስለዚህ አባቴ፣ ይህን ጥያቄ ለመጻፍ ሁለት ሳምንት ፈጅቶብኛል፦ ሰዎቹ በድብቅ ሙርሲክ እየጠጡ ይሆን? ቢጠጡ አልፈርድባቸውም። እኔም እዚህ ሆኜ ይናፍቀኛል። ማወቅ ግን አለብኝ፤ መልሱ ከካፕታሮን ካልመጣ ፕሮፌሰሯ ምክንያቱን ሌላ ቦታ ይፈልጉታል።

ልጅዎ
ጄሮቲች


ካፕታሮን
ሜይ 23 ቀን 2022

ለተከበርሽው ልጄ፤

ደብዳቤሽ ደርሶኛል። ጥያቄሽን በሚገባው ክብደት ተመልክቼዋለሁ።

ስልሳ አራቱንም ሰዎች በየቤታቸው ጠይቄአለሁ። ጥናቱ ከተጀመረበት ዕለት አንሥቶ በካፕታሮን ከጥናቱ ሰዎች አንድም ሰው ከላሞቹ ወተት ሙርሲክ አላረጋም፤ ከሌላ ቤትም ተቀብሎ አልጠጣም። የታዘዙትን ጠርሙስ በየቀኑ ጨርሰው ጠጥተዋል። ይህን በስሜና በቀድሞ ሥልጣኔ ክብር አረጋግጥልሻለሁ። ደብዳቤውን ለፕሮፌሰሯ ብታሳዪው አልቃወምም።

እግሬ ደኅና ነው። ሹራቡ ቡናማ ይሆናል። ዝናቡ ዘንድሮ መልካም ነው።

ባርናባ አራፕ ሌሌይ


ኮፐንሃገን
ጁን 17 ቀን 2022

ለተከበሩ አባቴ፤

ስለ መልስዎ አመሰግናለሁ። እንዳሉኝ ለፕሮፌሰር ስካው ተርጉሜ ሰጥቻቸዋለሁ። አንድ ዳኛ በስሙ ካረጋገጠ የሰዎቹ ጉዳይ አብቅቷል ብለዋል፤ ማንም ካፕታሮንን አይጠረጥርም።

ይህ ደብዳቤ አጭር ስለሆነ እንዳይቀየሙኝ። ለጊዜው ከቤተ ሙከራው ይልቅ ቢሮ ውስጥ ነው የምሠራው፤ ወረቀት በዝቷል። እዚህ በጋ ነው፤ ፀሐይ ለመጥለቅ አትቸኩልም።

እናቴን ካገኟት ደኅና ናት ይበሉልኝ።

ጄሮቲች


ካፕታሮን
ጁላይ 8 ቀን 2022

ልጄ ጄሮቲች፤

ዛሬ ሰላምታውን አሳጥሬዋለሁ። ይቅርታ ለመጠየቅ የተቀመጠ ሰው ስለ ዝናብ ማውራት አይገባውም።

ትናንት ሲስተር ቼላጋት ጠርሙሶቹን ከሞተር ብስክሌቷ አራግፋ ስትጨርስ የራስ ቁሯን ሳታወልቅ ደጄ ላይ ቆመች። «ዳኛ፣ ጄሮቲች ከቤተ ሙከራው ታግዳለች» አለችኝ። «ያልታወቁት ባክቴሪያዎች ከካፕታሮን ካልመጡ ናሙናውን የበከለችው በገዛ እጇ ነው ተብሎ ጉዳዩ ለመርማሪ ኮሚቴ ቀርቧል።» አንቺ ቢሮ ውስጥ ወረቀት በዝቷል ብለሽ ጻፍሽልኝ። እንዳላፍር ስለ ፈለግሽ መሆኑን አውቃለሁ። አፍሬአለሁ።

በሜይ የጻፍኩልሽ ቃል ሐሰት የለበትም፤ ሙሉ ግን አልነበረም። ያን ዓይነት መልስ የሰጠ ምስክር በችሎቴ ቆሞ ቢሆን ኖሮ ማረፊያ ቤት እልከው ነበር። እነሆ ሙሉው።

በጃንዋሪ፣ ጠርሙሶቹ በታደሉበት ቀን፣ ኮቢሎ አንዱን ከፍ አድርጋ ያዘች። «ዳኛችን፣ ይሄ ጡጦ ነው። ጡጦ የሚጠባ እናቱ የሞተችበት ጥጃ ነው። እኔ ሰባት የወለድኩ ሴት ነኝ!» አለች። ሌላዋ ቀጠለች፦ «ባለቤቴ ጠርሙስ አንጋጦ እንግዳ ቢያገኘው ሰክሯል ይሉታል።» ሦስተኛዋ ቆጣ አለች፦ «የእኔስ የሙርሲክ ቅል? እናቴ ለሠርጌ የሰጠችኝ ነው። ዘጠኝ ወር ወተት ካላገኘ ተሰንጥቆ ይቀራል። እሱንም ነርሷ ትክሰኛለች?»

መመሪያሽን አስመጥቼ በጥሞና አነበብኩት። «ሙርሲክ አታርጉ» ይላል። «በየቀኑ አንድ ጠርሙስ ሙሉ ይጠጣ» ይላል። ስለሚጠጣበት ዕቃ ምንም አይልም። እኔም መነጽሬን አስተካክዬ ሕግ ዝም ባለበት ልማድ ይሠራል፣ ወተቱ ወደ ቅል ይገልበጥ ብዬ ፈረድኩ። አጨበጨቡልኝ። ልጄ፣ ሰባ ሁለት ዓመት ሆኖኝ ጭብጨባ ይወዳል ልቤ።

ከዚያን ቀን ጀምሮ በብዙው ቤት የጠርሙሱ ወተት ሴኔትዌት በሚባለው እንጨት ከሰል ውስጡ ወደታሸው ቅል ይገለበጣል፤ እስከ እኩለ ቀን፣ አንዳንዱም ቤት እስከ ማግስቱ ያድርና ይጠጣል። በእኔም ቤት እንዲሁ ነው። ሙርሲክ ያረጋ የለም፤ ቅሉ ግን ሥራውን አልተወም፤ ከቀድሞው ሙርሲክ በግድግዳው የቀረው ወተቱን ያረጋዋል ማለት ነው። ይህን በሜይ ጥያቄሽን ሳነብ ወዲያው ተረድቼዋለሁ። የእኔ ፍርድ ጥናትሽን እንዳበላሸ፣ ሰዎቹም አጭበርባሪ እንደሚባሉ ገባኝና ፈራሁ። ስለ ዕቃው አልጠየቀችኝም ብዬ ራሴን አጽናናሁ።

ታፕኪገን ያን ደብዳቤ ስጽፍ ከኋላዬ ቆማ አነበበችው።

«የኪፕሮኖ አባት፣ ልጅቷ የጠየቀችህ ከየት መጣ ብላ ነው። አንተ የነገርካት ከየት እንዳልመጣ ነው» አለችኝ፣ እንደ ልማዷ በልጃችን ስም ጠርታ።

«የጠየቀችውን ነው የመለስኩት።»

«ከሆነ ለምን ሦስቴ ቀደድከው?»

አራተኛውን አሽጌ ላክሁት። አሁን ከዚህ ደብዳቤ ጋር በካፕሳቤት ከተማ በውል አረጋጋጭ ፊት ያደረግሁትን የመሐላ ቃል አያይዣለሁ። በጥፋቱ ውስጥ ከእኔ ስም በቀር የማንም ስም የለም። ለፕሮፌሰሯም ለመርማሪዎቹም ስጪልኝ። በዚህ ጊዜ በሳጥኑ አልላክሁትም፤ ሲስተር ራሷ ኤልዶሬት ከተማ ድረስ ወስዳ በፈጣን መልእክት ትሰደዋለች።

ይቅርታሽን የምጠይቅ
ባርናባ


ኮፐንሃገን
ጁላይ 29 ቀን 2022

ለአባቴ፤

ደብዳቤዎን ለአምስት ቀን ሳልመልስ ያዝኩት። ተቆጥቼ ነበር። በሜይ ነግረውኝ ቢሆን ኖሮ ሁለት ወር ለሚጠጋ ጊዜ በባልደረቦቼ ዓይን እንደ ሌባ አልታይም ነበር። ይህን አንድ ጊዜ ጻፍኩት፤ ሁለተኛ አልጽፈውም።

አሁን ደግሞ የእኔን ጥፋት ልንገርዎ። ያንን መመሪያ የጻፍኩት እኔ ነኝ። ሙቀቱን፣ ሰዓቱን፣ መጠኑን፣ የክዳኑን ቀለም ሳይቀር ጽፌአለሁ። ካፕታሮን ተወልጄ፣ የእናቴን ቅል እያየሁ አድጌ፣ ሰው ወተት በምን እንደሚጠጣ መጻፍ ረሳሁ። ፕሮፌሰሯ ቢረሱት ይፈረድባቸው ይሆናል፤ እኔ ግን ምን ብዬ ነው የማመካኘው?

ፕሮፌሰር ስካው የመሐላውን ቃል ሁለት ጊዜ አነበቡት። «ይህ ሰው ራሱን ከሶ፣ ራሱ መስክሮ፣ ራሱ ፈርዷል። ለእኛ ምን ቀረን?» አሉ። ያም ሆኖ እገዳው አልተነሣም። መርማሪዎቹ ቃል አይበቃንም፣ ባክቴሪያዎቹ በቅሎቹ ውስጥ መኖራቸውን አሳዩን ብለዋል። እውነታቸውን ነው።

ስለዚህ ሁለት ነገር እለምንዎታለሁ። አንደኛ፣ ማን ወደ ቅል እንደገለበጠ፣ ማን ከጠርሙሱ እንደጠጣ፣ ከመቼ ጀምሮ እንደሆነ በዝርዝር ይላኩልኝ። የክዳኑን ቀለም አይጠይቁ፤ እሱ የሲስተር ሥራ ነው። ሁለተኛ፣ ሲስተር በጥጥ የተጠቀለለ ዘንግ ይዛ ትመጣለች፤ የየቅሉን ውስጥ ግድግዳ ጠራርጋ ናሙና ትወስድ። ጥናቱ እስኪያልቅ ማንም ልማዱን አይለውጥ፤ የጀመረውን ይቀጥል።

ፕሮፌሰሯ ያሰቡት «ለውጥ አልተገኘም» የሚለው ጽሑፍ ከአሁን በኋላ ሊታተም አይችልም። መጀመሪያ የታሰበው ጥናትም ፈርሷል። በፍርስራሹ ውስጥ ግን አንድ ነገር ያለ ይመስለኛል፤ ስሙን ገና አልጠራውም።

ጄሮቲች


ካፕታሮን
ሴፕቴምበር 5 ቀን 2022

ለተከበርሽው ልጄ፤

ዝርዝሩን ለመመዝገብ ስለጠራሁት ስብሰባ አንድ በአንድ እንድጽፍልሽ አዘሻል፤ የምችለውን ያህል እነሆ።

በቤተ ክርስቲያኑ ግቢ ተሰበሰብን። ከወንበር ተነሥቼ የሆነውን ሁሉ ነገርኳቸው፤ አንቺ የታገድሽው በእኔ ዝምታ መሆኑንም አልደበቅሁም። ኮቢሎ «ዛሬስ ዳኛው ተከሳሽ ሆነ!» አለች።

«ይግባኝ አለው?» አለ አንድ ሰው ከኋላ።

«ምን ይግባኝ አለው፣ ጡጦ ይጠጣ!» አለች ሌላዋ፤ ግቢው በሳቅ ተናጋ። ሳቁ ሲበርድ ኮቢሎ ወደ እኔ ቀርባ ዝቅ ባለ ድምፅ «ልጅቷ በእኛ ቅል ነው የተቀጣችው። ቶሎ ይጻፉ፣ እኔ የመጀመሪያዋ ልሁን» አለችኝ።

እየተነሡ ተናገሩ፤ እኔም መዘገብኩ። አርባ አንዱ ወደ ቅል ይገለብጣሉ፤ ሃያ ሦስቱ ከጠርሙሱ ይጠጣሉ። ከጠርሙስ ከሚጠጡት አንዱ የትምህርት ቤቱ የሒሳብ መምህር ነው። «እኔ ቅል የምታጥንልኝ ሚስት የለኝም» ሲል ኮቢሎ «እሱን ችግርህን በሌላ ስብሰባ እናየዋለን» አለችው። ወዲያው አራት እናቶች ዞረው ተመለከቱት።

በናሙናው ቀን ነገሩ ሊበላሽብን ነበር። ሴቶቹ ቅላቸውን እንግዳ ሊያየው መሆኑን ሲሰሙ ማንም ንጽሕናዬን እንዳያማ ብለው ከማለዳ ጀምሮ በፈላ ውኃ ሊያጥቡ ተነሡ። ታፕኪገን ከደጅ ወደ ደጅ እየሮጠች «አትንኩት! የሚፈለገው ውስጡ ያለው ነው! ሳታጥቡ አምጡ!» ስትል አንዷ «አብደሻል እንዴ? ያልታጠበ ቅል ለኮፐንሃገን?» ብላ ጮኸችባት። ሁለት ቤት ከመታጠቡ በፊት አልደረሰችም፤ የእነዚያን ስም በዝርዝሩ ላይ ምልክት አድርጌበታለሁ። የቀሩት ሠላሳ ዘጠኝ ናሙናዎች እንደነበሩ ተወስደዋል።

በስብሰባው ማብቂያ ከሰብሳቢነት ወረድኩ። ማንም ግፊት አላደረገብኝም፤ ማንም ደግሞ ይቅር አላለኝም፤ ሁለቱንም አከብራለሁ። በምትኬ ታፕኪገንን መረጡ። ቤቴ ውስጥ ከአሁን በኋላ ምን ዓይነት አስተዳደር እንደሚሰፍን ልትገምቺ ትችያለሽ።

ባርናባ


ኮፐንሃገን
ኖቬምበር 24 ቀን 2022

ለአባቴና ለክብርት ሰብሳቢ ለወይዘሮ ታፕኪገን፤

አዎን፣ እውነት ነው፤ እገዳው ተነሥቷል። በሠላሳ ስድስቱ ቅል ውስጥ እነዚያው ሦስት ባክቴሪያዎች ተገኝተዋል። ፕሮፌሰር ስካው በባልደረቦቼ ሁሉ ፊት ስሜን ጠርተው ይቅርታ ጠየቁኝ። ንግግራቸው አጭር ነበር። ከዚያ የቤተ ሙከራውን ቁልፍ በእጃቸው ሰጡኝ።

ማክሰኞ ዕለት የሂሳብ ሰውየው ቀለሞቹን ገለጠልን። ሕያው የነበረው ሰማያዊው ነው። የሚከተለውን ለሰዎቹ ሲያነቡላቸው ቀስ ብለው ያንብቡት።

ሰማያዊ የጠጡት ሠላሳ ሁለቱ በቅልም በጠርሙስም ስኳራቸው ቀንሷል። ቢጫ፣ ማለትም የሞተውን ወተት፣ በቀጥታ ከጠርሙስ የጠጡት አሥራ ሁለቱ ምንም አልተለወጡም። ያንኑ የሞተ ወተት ወደ ቅል ገልብጠው የጠጡት ሃያዎቹ ግን ቀንሶላቸዋል። የሦስት ወር ስኳርን የሚያሳየው የደም ልካቸው በአማካይ ከስምንት ነጥብ አራት በመቶ ወደ ሰባት ነጥብ ስምንት በመቶ ወርዷል። ሕያውን ከጠጡት ብዙም አይርቅም።

ሰውየው ሰንጠረዡን አሳየን። ፕሮፌሰሯ ወንበራቸውን ስበው ተቀመጡና «እኛ የገደልነውን እነሱ አስነሡት» አሉ። እኔ ፊቴን ወደ መስኮቱ አዞርኩ።

አሁን ግን እንደ ሐኪም ልናገር። ይህ ማረጋገጫ አይደለም። ሰዎቹ ቅል ወይም ጠርሙስ የመረጡት ራሳቸው ናቸው፤ ቅል ያለበት ቤት ምግቡም እንክብካቤውም የተለየ ሊሆን ይችላል። ቁጥሩም ትንሽ ነው። ለውጡ መድኃኒት አይተካም፤ ማንም ክኒኑን እንዳይጥል አደራ። ከዚህ በላይ ተስፋ እንድሰጣቸው ቢጠይቁኝም አልሰጥም።

ግን ጥያቄው ጥሩ ጥያቄ ነው፤ ዕድሜ ልኬን ብሠራበት አልቆጭም። ቅልና ጠርሙስ በዕጣ የሚታደሉበት፣ ከሦስት ቀበሌ ሰው የሚገባበት አዲስ ጥናት አርቅቀናል። ጥናት የሚፈቅደው ኮሚቴ በጃንዋሪ ይወስናል። መመሪያውን ከመጨረሴ በፊት ረቂቁን ወደ ካፕታሮን እልካለሁ። በዚህ ጊዜ ያልጻፍኩትን ነገር የሚያውቁ ሰዎች ያንብቡልኝ።

ጄሮቲች


ካፕታሮን
ፌብሯሪ 18 ቀን 2023

ለተከበርሽው ልጄ ለዶክተር ጄሮቲች፤

የአዲሱ ጥናት መፈቀድ ዜና በደረሰ ዕለት እናትሽ ከታፕኪገን ጋር በመንገዱ መካከል ስትዘፍን የሻይ መኪና አስቁማለች። ሾፌሩም ወርዶ አብሯቸው ዘፈነ። የቀረውን እሷው ትንገርሽ።

ረቂቁን በሚመለከት፦ ታፕኪገን የምትመራው የሴቶቹ ኮሚቴ ሁለት ቀን ከሰዓት በኋላ ተቀምጦበታል። እኔ ከኋላ ወንበር ይዤ እንዳዳምጥ ተፈቅዶልኛል፤ እጄን ባወጣም ዕድል የሚሰጠኝ አልነበረም። «ቅሉ በንጹሕ ውኃ ይታጠብ» የሚለውን ሰርዘውታል፤ በየትኛው እንጨት ከሰል፣ በስንት ቀን እንደሚታሽ፣ አዲስ ቅል ስንት ጊዜ ወተት ካስለመዱት በኋላ እንደሚያገለግል አስጽፈዋል። በጠርሙስ ዕጣ የሚደርሰው ሰው እንግዳ ሲመጣ ምን ብሎ እንደሚያስረዳም ተወያይተዋል። የጠየቅሽኝ የተመዘገበው ሰው ቁጥር እስከ ትናንት ሁለት መቶ አሥራ ስምንት ነው። የሒሳብ መምህሩ መዝጋቢ ሆኗል፤ ስብሰባ የማያመልጠው አሁን በሌላም ምክንያት እንደሆነ ይወራል፤ እኔ አላረጋግጥም።

ከመፈረማቸው በፊት ግን አንድ ቅድመ ሁኔታ አስቀምጠዋል። እኔ በሕግ ቋንቋ በሁለት ገጽ አርቅቄላቸው ነበር፤ ታፕኪገን አንብባ በአንድ መስመር መለሰችልኝ፦ «የተገኘው ነገር፣ ጥሩም ሆነ መጥፎ፣ በየትም ሳይታተም ጄሮቲች እዚህ መጥታ በአፏ ትንገረን።»

አንዲት ወጣት ሴት «ምንም አልሠራም ቢባልስ? ለዚህ ነው እስከዚህ የምትመጣው?» ብላ ጠየቀች።

ኮቢሎ በትሯን ተደግፋ ተነሣች። «አንቺ ልጅ፣ እናቴን ስኳር ሲገድላት ለምን እንደሞተች የነገረን አንድም ሰው የለም። ሐኪሞቹ እግሯን ቆርጠው እሷን ላኩልን፣ ምክንያቱን አልላኩልንም። ይቺ ልጅ መጥታ አልሠራም ካለችኝ፣ በሕይወቴ የመጀመሪያዬ ነው፤ ስለ በሽታዬ እውነቱን ነግሮኝ ቆሞ ጥያቄዬን የሚሰማ ሰው አገኘሁ ማለት ነው። ከሠራማ እሰየው!»

ድምፅ ተሰጠ፤ ተቃውሞ አልነበረም። ፕሮፌሰሯም ቢስማሙበት ፊርማቸውን ከፊርማሽ ጎን ያኑሩ። ቤታችን አልጋ አለ፤ ብርዱም ከእናንተ አይብስም።

ስለዚህ ልጄ፣ ለመጨረሻው ስብሰባ ስትመጪ ለሦስት ቀን ብቻ እንዳትመጪ። ሁለት መቶ አሥራ ስምንት ሰው እየተነሣ ይጠይቅሻል፤ ሰብሳቢዋም ሁሉም ሳይጠይቅ ስብሰባ አትዘጋም።

ባርናባ አራፕ ሌሌይ